ባንድ እስኪገኝ ለምን ትጠብቃላችሁ?

ከደብረ ብርሃን ተነስተን ጣርማ በር ስንደርስ ሁላችንም ጃኬታችንን እንደቆለፍን ነበር። ዋሻውን አልፈን፣ ደብረ ሲናን ከኋላ ትተን፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት እየወረድን ስንመጣ ግን መስኮት መክፈት ተጀመረ። ያን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ላይ ጋቢ፣ ታች ቲሸርት ነው። ሹፌሩ ሙዚቃውን እስከ ጥግ ከፍቶታል፤ ኪቦርዱና የከበሮ ማሽኑ አንድ ላይ ሲመቱ ዘፋኙ ምን እንደሚል ለመስማት ትግል ነበር።

ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ግን የሹፌሩ ሙዚቃ ግድ አልሰጠውም። ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቷል። ጉልበቱ ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ክራር ይዟል። የሚወርደው ሸዋ ሮቢት ነው። ክራሩን ሳይ ወሬ ጀመርንና አንዱን ኢርፎን አውልቆ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይስሟት» አለኝ።

አንድ ጊታር፣ አንድ ድምፅ። ከኋላ ቼሎ ቀስ ብሎ ይገባና ይወጣል፤ አንዲት ሴት ድምፅዋን ታክልበታለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ዘፋኙ ዴሚየን ራይስ የሚባል አየርላንዳዊ ነው። አልበሙ «ኦ» ይባላል፤ የሰውየው የመጀመሪያ አልበም ነው።

«እንግሊዝኛውን ሁሉንም አልሰማውም» አለኝ ልጁ። «ግን ሰውየው እዚሁ አጠገቤ ተቀምጦ የሚዘፍን ነው የሚመስለኝ። እኛ ጋ እኮ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እኔም አንድ ቀን አልበም መሥራት እፈልጋለሁ። ግን ባንድ የለኝ፣ ስቱዲዮ የለኝ፣ አዲስ አበባ ዘመድ የለኝ።»

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ «እኛ ጋ የለም» ያለው ነገር ነው። የዛሬውን ሐሳቤን ገና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ለመጀመሪያ አልበም ባንድ አያስፈልግም። አንድ መሣሪያ፣ አንድ ድምፅና የራሳችሁ የሆነ ቃል ይበቃል። ይህ ደግሞ ከአየርላንድ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። እኛ አገር የተቀረጸ ሙዚቃ የጀመረው እንዲሁ ነው፤ የጀመረውም የሸዋ ልጅ ነው።

መጀመሪያ አየርላንዳዊውን እንጨርሰው። ዴሚየን ራይስ ከደብሊን ብዙም በማትርቅ ሴልብሪጅ በምትባል ከተማ ያደገ ነው። ሲጀምር ባንድ ነበረው፤ ጁኒፐር የሚባል የሮክ ቡድን። ባንዱ ከትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ውል ነበረው። ልብ በሉ፣ እኛ «ይህ ቢኖረኝ» የምንለው ሁሉ በእጁ ነበር። ግን የሚፈልገውን ሙዚቃ መሥራት እንዳልቻለ ሲያውቅ ጥሎት ወጣ። ጣሊያን አገር ገጠር ገብቶ ተቀመጠ። ቀጥሎ በአውሮፓ ከተሞች መንገድ ላይ ጊታሩን ይዞ እየዘፈነ ኖረ። አገሩ ሲመለስ ዘመዱ የሆነው የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ዴቪድ አርኖልድ የመቅጃ ዕቃ እንዲያገኝ ረዳው፤ እሱም አብዛኛውን አልበም ቤት ውስጥ ቀረጸው። እ.ኤ.አ. በ2002 አየርላንድ ውስጥ ወጣ። በዓመቱ አሜሪካ ውስጥ «ሾርትሊስት» የተባለውን የሙዚቃ ሽልማት ወሰደ። አልበሙን ያበረከተው ማይክ ክሪስቶፈር ለሚባል ጓደኛው ነው። ማይክም ዘፋኝ ነበር፤ የራሱ የመጀመሪያ አልበም ሳይወጣለት እ.ኤ.አ. በ2001 አረፈ። አልበሙን ከሞተ በኋላ ወዳጆቹ አወጡለት።

ሰውየው የሄደበትን መንገድ አያችሁት? ከብዙ መሣሪያ ወደ ትንሽ መሣሪያ፣ ከስቱዲዮ ወደ ቤት። እኛ ግን በተቃራኒው፣ ብዙ ነገር እስክናገኝ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? ስሙን ባታውቁት አልፈርድባችሁም፤ ትምህርት ቤት አይነገርም። ልጁን ግን ታውቁታላችሁ። ይድነቃቸው ተሰማ የእሱ ልጅ ነው፤ የኢትዮጵያ እግር ኳስ አባት የምንለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመራው ይድነቃቸው። አባትየው የምንጃር ሰው ነው። ምንጃር ደግሞ እንደ ሸዋ ሮቢት ሁሉ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ መኪና የሚባል ጉድ ሲገባ የሚነዳና የሚጠግን ሰው አስፈለገ። ተሰማ ለዚህ ትምህርት ወደ ጀርመን ተላከ። መኪና ሊማር ሄዶ ሸክላ አስቀርጾ ተመለሰ። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በርሊን ውስጥ፣ መሲንቆውን እየመታ፣ ግጥሙን እየደረደረ፣ ድምፁን በሸክላ አስቀረጸ። እስካሁን እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ለንግድ በሸክላ ሲቀረጽ ይህ የመጀመሪያው ነው። ያኔ «አልበም» የሚባል ቃል አልነበረም፤ ነገሩ ግን ያው ነው፤ የአንድ ሰው የመጀመሪያ ሥራ፣ በአንድ መሣሪያ፣ በራሱ ቃል።

መሲንቆ ስንት ክር አለው? አንድ። የአገሪቱ የሸክላ ታሪክ የጀመረው በአንድ ክር ነው እንግዲህ። ያ ድምፅ ከመቶ ዓመት በኋላ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ ቁጥር 27 ላይ እንደገና ታትሞ ወጥቷል። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ፈልጋችሁ ልትሰሙት ትችላላችሁ። ድምፁ ይንኮሻኮሻል፣ ሸክላው አርጅቷል፤ ሰውየው ግን አለ።

ከዚያ በኋላም መስመሩ አልተቋረጠም። ካሳ ተሰማ በክራሩ ብቻ ቁጭ ብሎ ሰው ያስለቅስ ነበር። አስናቀች ወርቁ ከአገራችን ቀደምት ሴት ተዋንያን አንዷ ናት፤ ክራር ስትይዝ ደግሞ ሌላ ሰው ትሆን ነበር። በኢትዮፒክስ ቁጥር 16 የወጣውን ሥራዋን ስሙት። አንዳንዱ ላይ አጃቢ ቢኖርም ጆሯችሁ የሚሄደው ወደ ክራሯና ወደ ቃሏ ነው። ዓለሙ አጋ አሥር ክር ባለው በገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጀምር ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። እነዚህ ሰዎች የባንድ እጥረት ኖሮባቸው አይደለም ብቻቸውን የተቀመጡት። የሚሉት ነገር ስለነበራቸው፣ ያም እንዲሰማላቸው ስለፈለጉ ነው።

ስለዚህ ያ ልጅ «እኛ ጋ የለም» ሲል ተሳስቷል። ግን በእሱ አልፈርድም፤ ከተወለደ ጀምሮ የሚሰማው ምንድነው? ሠርግ ላይ ኪቦርድ፣ ምረቃ ላይ ኪቦርድ፣ ሚኒባስ ውስጥ ኪቦርድ። ኪቦርድ የገባበት ምክንያት አለው። ባንድ መያዝ ውድ ነው፤ አንድ ኪቦርድ ግን የስድስት ሰው ሥራ ይሠራል። የሠርግ ገንዘብ ደግሞ የብዙ ሙዚቀኛ እንጀራ ነው። እንጀራቸውን አልነቅፍም። እኔ የምለው፣ የሠርግ ሥራና የመጀመሪያ አልበም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ነው። ሠርግ ላይ ሰው እንዲጨፍር ነው የምትዘፍኑት። አልበም ላይ ሰው እንዲያውቃችሁ ነው።

«ሰው ክራር ብቻ ቢሰማ ይተኛል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሊተኛም ይችላል። ግጥሙ ደካማ ከሆነ በእርግጥ ይተኛል። አንድ መሣሪያ ይዞ መቅረብ የሚያስፈራው ለዚህ ነው፤ መደበቂያ የለውም። ከበሮ ማሽን የደከመ ግጥም ይሸፍናል፣ ክራር ግን ያጋልጣል። ስለዚህ ብቻችሁን ለመቅረብ ከወሰናችሁ ሥራው የሚቀለው በወጪ እንጂ በድካም አይደለም። አንዱን ስንኝ አሥር ጊዜ መቀየር ይኖርባችኋል።

እሺ፣ ታዲያ ስለምን ይዘፈን?

እዚህ ላይ ነው ይፋት የሚመጣው። ስለ ወሎ፣ ስለ ጎንደር፣ ስለ ጎጃም ስንት ዘፈን ታውቃላችሁ? ቁጠሩ ብላችሁ ጣታችሁ አይበቃም። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ ቦታዎች ስም ነው። ከሸዋ ሮቢት ተነስታችሁ በዚያው አስፋልት ወደ ደሴ ብትቀጥሉ ወደ ሁለቱም የሚያደርሳችሁ መንገድ ነው። ይፋት ግን? ብዙ ሰው ይፋትን የሚያውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ሮቢት ሲደርስ ማንጎና ፓፓያ ይገዛል፣ ውሃ ይጠጣል፣ «አቤት ሙቀቱ!» ይላል፣ ይሄዳል።

ከመስኮቱ ወዲህ ያለው ግን ሌላ ነው። ማሽላው ሲያሸት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ፤ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው የሚጠራሩበት ዜማ አለ። ደቦ ሲወጣ ሥራውን የሚያስኬድ ዘፈን አለ። ማሾ የሚለቀም፣ ሽንኩርት የሚጫን፣ ሌሊት በመስኖ ውሃ ተራ የሚጠበቅ አገር ነው። እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ይቆማል፤ ከታች አፋሩ ይመጣል፣ አርጎባው ይመጣል፣ ኦሮሞው ይመጣል፣ አማራው ይመጣል፤ በአንድ ገበያ ላይ በአራት ቋንቋ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይጋባሉ። ይህ አገር በመካከለኛው ዘመን የራሱ ሱልጣኔት የነበረው፣ ነጋዴ ከባሕር ወደ ደጋ የሚያልፍበት በር የነበረ አገር ነው። መስጊዱ ውስጥ መንዙማው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ መዝሙሩ፣ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሙሾው፣ ሠርጉ ላይ የእናቶች ዘፈን አለ። ለአንድ አልበም ይህ አይበቃም? ለሃያ ይበቃል።

ያ ልጅ የሚሰማው አየርላንዳዊ ጎበዝ የሆነው ጊታር ስለያዘ አይደለም። ጊታር የያዘማ ስንት አለ። ሰውየው የሚያውቀውን ኑሮ፣ የሚያውቀውን ሐዘን፣ በሚያውቀው ቋንቋ ስለዘፈነ ነው ሮቢት ድረስ የተሰማው። እሱን አስመስላችሁ ብትዘፍኑ ሌላ ዴሚየን ራይስ ማንም አይፈልግም፤ አንዱ አለ። ማማ ላይ ስላደገ ልጅ የሚዘፍን ሰው ግን እስካሁን በአልበም አልሰማሁም። ደብሊን ያለ ሰው አንድ ቀን ኢርፎኑን አውልቆ ለጎረቤቱ «ቋንቋውን አልሰማውም፣ ግን ስማው» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

ቀጥሎ የምለው ነገር ትንሽ ይከብዳል፤ ግን ታገሱኝ። እነዚህ ዘፈኖች የሚኖሩት ሰው ውስጥ ነው። በወረቀት አልተጻፉም፣ በሸክላ አልተቀረጹም። የሚያውቋቸው አያቶቻችሁ፣ እማማ እገሊት፣ የሠፈሩ አባወራ ናቸው። ያ አካባቢ ደግሞ በቅርቡ ያየው መከራ የሚታወቅ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ደረሰ። ስንት ሰው ልጁን አዝሎ በእግሩ ወጣ፤ ስንቱ ተመልሶ ቤቱን አጣው። ከዚያም ወዲህ ሰላም ሙሉ ሆኖ አልሰነበተም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የሚያጣው ጣራና ግድግዳ ብቻ አይደለም። የማማው ዜማ የሚያውቀው ሽማግሌ ዳግም አገሩን ሳያይ ይሞታል። እህል ይዘራል፣ ቤት ይሠራል። ያልተቀዳ ዜማ ግን ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን አንድ መልካም ነገር አለ፤ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ሲቆይ ስልካችን ሁሉ ጡብ የሆነ መስሎን ነበር። አልሆነም። የድምፅ መቅጃው ኢንተርኔት አይፈልግም። ተሰማ እሸቴ ለአንድ ቅጂ በርሊን ድረስ መሄድ ነበረበት። እናንተ ጎረቤት ያለችው እናት ቤት ድረስ መሄድ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

ታዲያ ሄዳችሁ እንዴት ነው የምትቀዱት? መጀመሪያ ስለ ፈቃድና ስለ ስም እንነጋገር፤ ይህ ከመቅጃው በላይ ነው። እኛ አገር አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ዘፋኙ ገጠር ይወርዳል፣ አንዲት እናት ያወረዱትን ግጥም ይሰማል፣ አዲስ አበባ ይመለሳል፣ ካሴቱ ላይ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ብሎ ይጽፋል። «የሕዝብ» ማለት እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን «የማን እንደሆነ ለመጠየቅ አልፈለግኩም» ማለት ነው።

ሕጉን ልንገራችሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። በአዋጁ መሠረት አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና ተጽፎ ወይም ተቀርጾ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ሲያገኝ ነው። ምዝገባ ግዴታ አይደለም። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የከዋኙም መብት 50 ዓመት ነው። ይህ በእኛ ጉዳይ ምን ማለት ነው? እማማ ዛሬ ያወረዱት የራሳቸው ስንኝ አየር ላይ ብቻ ካለ ሕጉ ሊደርስላቸው አይችልም። ስልካችሁ ላይ ከተቀዳ ግን ደራሲዋ እሳቸው ናቸው፤ ማንም «የሕዝብ ነው» ብሎ ሊወስደው አይገባም። የቀዳችሁት ቅጂ ማስረጃቸው ይሆናል ማለት ነው። ግጥሙ የጥንት ሆኖ ደራሲው ባይታወቅ እንኳ ያዜሙት እሳቸው ስለሆኑ የከዋኝ መብት አላቸው።

ስለዚህ ከመቅዳታችሁ በፊት ጠይቁ። «እማማ፣ ይህን ልቅዳው? ለሰው ላሰማው? በእርስዎ ስም ላውጣው?» ሦስት ጥያቄ ነው። እምቢ ካሉ እምቢ ነው። መንዙማና መዝሙር ላይ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ የአምልኮ ነው፤ ሼኹን ወይም ካህኑን ሳታስፈቅዱ አልበም ውስጥ አትክተቱት። ልቅሶ ቤት ገብታችሁም ሙሾ በድብቅ አትቅዱ። የሰው ሐዘን ነው።

ወደ ቀረጻው ስንመጣ፣ ብዙ ገንዘብ የማያስወጡ ጥቂት ነገሮች ልበላችሁ።

አንደኛ፣ ሰዓቱን ምረጡ። ሮቢት ቀን ላይ ቆርቆሮው በሙቀት ይንቋቋል፣ ውጭ ባጃጅ አለ፣ መንገዱ የደሴ መንገድ ነው፣ ከባድ መኪና አያቋርጥም። ጎህ ሲቀድ ተነሱ፤ አየሩም ቀዝቃዛ ነው፣ ድምፃችሁም ገና ንጹሕ ነው።

ሁለተኛ፣ ክፍሉን አድምጡት። ገብታችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ድምፁ ከግድግዳ ተመልሶ ከመጣ ክፍሉ ባዶ ነው ማለት ነው። ጋቢና ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ስቀሉ፣ ፍራሽ አቁሙ። የልብስ ሳጥንና አልጋ ያለበት ክፍል ከባዶ ሳሎን ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት፤ በጥሩው ቅጂ መሃል እንዳይደወል። እጃችሁ ላይ አትያዙት። አጠፍ ባለ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት። ከአፋችሁ አንድ ክንድ ያህል አርቁት፣ ትንሽ ወደ ክራሩ አዙሩት። አንዴ ቀድታችሁ ስሙት፤ ክራሩ ከበለጠ ወደ አፋችሁ፣ ድምፃችሁ ከበለጠ ወደ ክራሩ አስጠጉት። ማስተካከያው ይኸው ነው፤ ቦታ መቀየር።

አራተኛ፣ ከዘፈኑ በፊት ተናገሩ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የዘፋኙን ስም፣ ከማን እንደተማራችሁት። ይህ ክፍል አልበሙ ላይ አይገባም፤ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከዘፈኑ እኩል ዋጋ ይኖረዋል።

አምስተኛ፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡት። ስልክ ይሰረቃል፣ ይወድቃል፣ ውሃ ይገባዋል። አንዱን ሜሞሪ ካርድ ላይ፣ ሌላውን ከእናንተ ራቅ ብሎ ለሚኖር ወዳጅ ስጡት። መፈናቀል ያየ አገር ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

እንዲህ ተደርጎ የተቀዳ አልበም እንደ ትልቅ ስቱዲዮ አይሆንም፤ አልዋሻችሁም። ዶሮ ይጮኽበታል፣ ወንበር ይንቋቋበታል። የመጀመሪያው ጥሩ ካልሆነ ሁለተኛውን ስቱዲዮ ትሠሩታላችሁ። ግን አንድ ነገር ይዛችሁ ስቱዲዮ መግባትና ባዶ እጅ መግባት አንድ አይደለም። ቅጂውን ለአቀናባሪ ስታሰሙት «ከዚህ በላይ እንዳትጨምርበት» ለማለት መብት ይኖራችኋል፤ ሲጀመር ምን እንደሚመስል እናንተ ታውቁታላችሁና።

ከዚያስ ገንዘቡ? ይህ ጥያቄ ለእኔም ለእናንተም ይከብዳል። ኤልያስ መልካ ዕድሜውን ሙሉ ስለዚህ ጉዳይ ሲጮኽ ነው የኖረው። በ2011 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋር አውታር የተባለውን መተግበሪያ የጀመረው አድማጭ በትንሽ ብር ዘፈን እንዲገዛ፣ ባለሙያውም የድካሙን እንዲያገኝ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ2012 ዓ.ም. መስከረም፣ አረፈ። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። በ2007 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ላይም ሮያሊቲ የሚሰበስብ የጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲኖር ተደንግጓል። ሕጉ አለ፣ ቴክኖሎጂው አለ፤ የጎደለው የእኛ የአድማጮች ልማድ ነው። የጓደኛችንን ዘፈን በቴሌግራም በነጻ እናዞርና «ጀግና ነህ!» ብለን አስተያየት እንጽፋለን። ጀግና ከሆነ በቴሌብር የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ላኩለት። ግጥሙን ለሰጡት እማማም ድርሻቸውን እሱ ያድርስ።

ለሌሎችም አንድ አንድ ቃል አለኝ። በይፋት ያሉ ትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያ ክበብ አላቸው፤ ጠዋት ጠዋት በሰልፍ ላይ ዜና ከማንበብ ሌላ፣ ተማሪዎች በሳምንት አንድ የሠፈር ሽማግሌ ቀድተው ቢያመጡ በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደሚከማች አስቡት። የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ለበዓል መድረክና ለባነር የሚያወጡትን ጥቂት ቀንሰው አንድ ደህና ማይክሮፎንና አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ቢያዘጋጁ፣ ቁልፉንም ለወጣቶቹ ቢሰጡ ትልቅ ሥራ ነው። ዘፈን ለበዓል ቀን ብቻ የሚወጣ ዕቃ መሆን የለበትም።

ወደ አውቶቡሱ ልመለስ። ለልጁ ስለ ተሰማ እሸቴ ነገርኩት። አላመነኝም፤ ስልኩን አውጥቶ ፈለገው። ኔትወርኩ ትንሽ አስጠበቀን፣ ከዚያ ያ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ መጣ። አንዱ ኢርፎን በእሱ፣ አንዱ በእኔ ጆሮ ሆኖ ሰማነው። የሹፌሩ ኪቦርድ ከላይ ይመታል። ልጁ እስኪያልቅ ድረስ አልተናገረም።

«ብቻውን ነው እንዴ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ብቻውን ነው» አልኩት።

ሮቢት ስንደርስ ክራሩን አቅፎ ወረደ። ከታች ሆኖ በመስኮቱ ጮክ ብሎ፣ «ጋሼ፣ አያቴ ወፍ ሲጠብቁ የሚሏትን አንዲት ዜማ አውቃለሁ፤ ግን ግማሿን ብቻ ነው!» አለኝ።

ሌላውን ግማሽ የሚያውቁት አያትየው ናቸው። ያን ቀን ማታ ጠይቋቸው እንደሆነ አላውቅም። እናንተ ግን የእናንተን አያት ዛሬ ማታ ጠይቁ።